ሳምቡሳዬን ያስወሰደብኝ ሆድ

ሰው በሰው ሽንት ቤት ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። የባሌ ታናሽ ወንድም ሚስት በረመዳን ሌሊት ሱሁር ከተበላ በኋላ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ትገባለች፣ ወዲያው ትወጣለች፣ ውዱዋን አድርጋ ለሱብሂ ሶላት ትቆማለች። እኔ ደግሞ አምጬ አምጬ፣ በላብ ተነክሬ፣ ሆዴ እንደደረቀ እወጣለሁ። ግቢያችን ውስጥ ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው፤ ስለዚህ የሆዴ ድርቀት የቤተሰቡ ሁሉ ወሬ ነበር።

ነገሩ የመጣው ሐኪም ስንዴና ገብስ ከከለከለኝ ወዲህ ነው። እኛ ቤት ጤፉ ከዳባት ከሚመጣ ገብስ ጋር ተደባልቆ ስለሚፈጭ እንጀራውንም ተውኩት። ሩዝና ድንች፣ ድንችና ሩዝ ሆነ ኑሮዬ። ያሠቃየኝ የነበረው ተቅማጥ ቆመ፤ ምን ያደርጋል፣ ሁሉም ነገር አብሮት ቆመ።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የሳምቡሳውን ነገር ነው። እዚህ ቤት ከተዳርኩ ጀምሮ የረመዳን ሳምቡሳ የኔ ነበር። ከሳንጃ የሚመጡት ሰሊጥ ነጋዴዎች ሳይቀሩ «የትልቋ ምራት ሳምቡሳ አለ?» እያሉ ነበር እኛ ዘንድ የሚያፈጥሩት። ዱቄት አልነካም ስል የሊጡ መዳመጫ ወደ ታናሿ ምራት ሄደ። እኔም ተናድጄ ማድ ቤቱን ጭራሽ ጣልኩላት። አማቴ «እጇ ሸጋ ነው» ሲሏት አንጀቴ እርር ይላል። ምኑ ነው ሸጋው? ሊጧ ወፍራም፣ ምስሯ ጨው የለሽ።

አንድ ቀን በሱሁር ሰዓት ክፍሌ ድረስ ተልባ በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች።

«እታለም፣ ይችን ጠጪ። የኛን ሙቀጫ ገብስ ነክቶታል ብዬ ከእናቴ ቤት ነው ያስወቀጥኩት» አለችኝ።

«የሆዴ ጠባቂ ማን አደረገሽ?» አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀምጣ ሄደች። ጠጣሁት፤ ምን ላድርግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ከዚያ ወዲያ በየሱሁሩ ታመጣልኝ ጀመር፣ እየዋለ እያደረ ሆዴ ተፈታ። ደስታዬን ሳልጠግብ አማቴ በማፍጠሪያው ላይ፣ በወንዶቹ ሁሉ ፊት፣ «የሷስ እጅ መድኃኒት ነው» አሉ። ሳምቡሳዬን ወስዳ አሁን ደግሞ የሆዴንም ምስጋና ወሰደች።

በማግስቱ ከሰዓት የሳምቡሳውን ምስር በሳህን ይዛ መጣች። እኛ ቤት ጾመኛ ወጥ አይቀምስም፤ እኔ ጨው የማውቀው በአፍንጫዬ ነበር።

«እታለም፣ የተከለከልሽው ሊጡን እንጂ ምስሩን አይደለም። እስኪ አሽትችልኝ።»

እውነቷን ነው፣ ምስርን ማን ከለከለኝ? ይህንንም ከኔ ቀድማ ማሰቧ አበገነኝ። አሸተትኩት፤ ጨው ጨመርኩ፣ ቃሪያ ጨመርኩ፣ መልሼ ሰጠኋት።

ማታ አማቴ አንዱን ሳምቡሳ ገመጡና ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

«ዛሬ አንቺ ገብተሽበታል» አሉ።

ማንም አልነገራቸውም። እንባዬ መጣ። ሳምቡሳው አፌ ባይደርስም የኔ ነበር። ቀና ስል የታናሿ ፊት ጥቁር ብሏል። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጾሙን በሙሉ እኔው ለብሼው የከረምኩት ነው።

በነጋታው ከሱሁር በኋላ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ሽንት ቤት ቀደመችኝ። ያቺ ገብታ ወዲያው የምትወጣ ሴት አልወጣም አለች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት፤ ሆዴ ግን ያን ዕለት አልጠብቅም አለ።