ጠርሙሱን የምታነበው እናት

በማጸዳው የሆስፒታል ክፍል፣ መስኮቱ ጋ የተኛው ልጅ እናት አራት ቀኗ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ነርስ መርፌና የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ ስትመጣ ተነስታ አልጋውን ትከልላለች።

«ቆይ የኔ እናት፣ ጠርሙሱን መጀመሪያ እኔ ላንብበው።»

«ወይ ጉድ፣ ዶክተር ሆንሽብን!»

ባለፈው ልጇ በስህተት ሌላ መድኃኒት ተወግቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። የወጋችው ነርስ ተባረረች። ኃላፊው «አይዞሽ፣ አጥፊዋን አስወግደናል» ቢላት፣ «እሷን አባሩልኝ መች አልኩ? ሁለቱ ጠርሙሶች መልካቸው አንድ፣ መደርደሪያቸው አንድ! አዲሷም ትሳሳታለች እኮ» አለችው። ጠርሙሶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ዓይኗ ደም መስሏል። እንደምንም ደፍሬ «እትዬ፣ እኔ ልጠብቅልሽ፣ ትንሽ ጋደም በይ» አልኳት።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ቀስ እያልኩ... ፊደል እየቆጠርኩ ነው።»

እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። አልተኛችም።