ድክመቴን የተናገርኩበት እሑድ

ይህን የምጽፈው የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ሳልጨርስ ነው። የፓርቲ እጩ አባል ለመሆን ስጠይቅ ማንም አላስገደደኝም። በቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር፤ ጽሑፍሽ ያምራል ሲሉኝ ደስ ይለኛል። የአባልነት ቅጹን ሲሰጡኝም እንደ ፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ ገልብጬ በንጹሕ ሞላሁት።

ከቅጹ በኋላ የነዋሪው ግምገማ ነበር። እጩው እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ቆሞ ድክመቱን ይናገራል። ድክመት የለብኝም ያለ፣ ትዕቢተኛ ተብሎ ይመለሳል። የመለመለኝ ሰው "ትንሽ ድክመት አዘጋጂ፤ ግን እውነተኛ ይሁን" ብሎ መክሮኛል። እኔም በስብሰባ ላይ ብዙ እንደማልናገር አዘጋጅቼ ቆምኩ።

"ይኼ ድክመት ነው ጸጋ?" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። አዳራሹ ሳቀ።

ሰብሳቢው አልሳቀም። "ጓዲት፣ የራስሽን አምጪ። ቤትሽ ውስጥ ያልታገልሽው ኋላ ቀር ነገር የለም?"

ፊቱ እንዳይጠቁርብኝ ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። "እናቴ የልደታ ጽዋ ማኅበር አላት" አልኩ። "ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በየተራ በየቤቱ ይሰበሰባሉ። እኛ ቤት ሲደርስ ጠላ እቀዳለሁ እንጂ ታግዬ አላውቅም።"

"እነማን ናቸው?"

ስማቸውን መጥራት ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ፣ ከተሰብሳቢው መካከል አንዲት የማኅበሩ ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ምን እየሠራሁ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እዚያው ላይ አቆምኩ፤ ጸሐፊው ግን ሦስቱንም ጽፏል። ተጨበጨበልኝ፤ እጩነቴ ጸደቀ።

እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ሰምታለች።

"ስማቸውን ጠራሽ?"

"ሦስት ብቻ፣ እማዬ።"

አባቴ ሲሞት እስከ አርባው ድረስ ከቤታችን ያልተለዩት እነዚያ ሴቶች ናቸው። እናቴ ከእነሱ ሌላ ሰው የላትም።

ከቀበሌ ማንም አልመጣም፤ ማንም አልተጠራም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወር ሲገባ ተራው የእኛ ነበር። እናቴ ድፎውን ጋግራ፣ ጠላውን ጠምቃ፣ ሳሎኑን አዘጋጅታ ጠበቀች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በራችንን የከፈተ የለም። ከዚያ ከአብነት ሰፈር በኩል የሚመጡት የማኅበሩ ትልቅ ሴት ብቻቸውን ገቡ። አልተቀመጡም።

"ጽዋውን ስጪኝ፣ እህቴ።"

"ተራው የእኔ እኮ ነው።"

"ተራሽን ማን ካደ? ዘንድሮ ሌላ ቤት ይሁን ተባብለናል።"

እኔ ተነሳሁ። "እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለተኛ ስማችሁን አልጠራም፤ በማርያም።"

ጉንጬን ዳበስ አደረጉኝ። "አንቺማ ጥሩ ልጅ ነሽ። ሲጠይቁሽ ትመልሻለሽ።"

እናቴ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

"እኔስ ልምጣ?" አለች።

"ትንሽ ይቆይ" አሉና ወጡ።

በማግስቱ የእጩዎች ስብሰባ ነበረኝ። እንደማልሄድ ነገርኳት። እናቴ ግን ቀሚሴን ተኩሳ አልጋዬ ላይ ዘርግታዋለች።

"ሂጂ እንጂ" አለችኝ። "አሁን ብትቀሪ ደግሞ፣ እናቷ አስቀረቻት ይላሉ።"

ሄድኩ።