የእትዬ ዘነበች ናሙና

ዕድሜዬን የፈጀሁት የአንጀት ካንሰርን በማጥናት ነው። አንድ የሁዳዴ እሑድ፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ የስደተኛው ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለእናቶችና ለአባቶች የሰገራ መመርመሪያ ብልቃጥ አደልኩ። በሳምንቱ ሰዉ ብልቃጡን እያፈረ፣ በጎን በኩል እያሾለከ መለሰልኝ። እትዬ ዘነበች ግን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሰው ፊት ሰጡኝ። እስከ አፉ ሞልቷል።

«እትዬ፣ ትንሽ ይበቃ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ኧረ ምን አላት ልጄ!»

ላብራቶሪው «ቢጫ ነው፣ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ደም አልተገኘበትም» ብሎ ጻፈልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቢሮዬ ኮል አደረግኩላቸው።

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ጥሩ ነው ተብሏል።»

«ተመስገን! ፈረንጆቹም ወደዱት?»

ሰው ሲደሰት ብዙ ነገር ይናገራል ብዬ አለፍኩት።

«በደንብ አይተውታል። ደም የሚባል ነገር የለበትም።»

«የምን ደም? የጾም ነው እኮ!»

የላብራቶሪውን ወረቀት እንደገና አየሁ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሆዴ እምቢ ብሎኝ ነው የሰነበተው። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ደግሞ ነውር መስሎኝ ስልጆ ሞላሁልህ። ምነው፣ ሰናፍጩ በዛ እንዴ?»