ጋሽ ወንድይፍራውና ጣሪያው የሄደበት ቤተ መጻሕፍት

ትናንት ከሰዓት እኮ በመስኮት በኩል ሰላም ብለውኝ ነው ያለፉት።

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ሂሩት ደውላ «አባዬ ዐረፈ» ስትለኝ «የማን አባት?» አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እሷም አለቀሰች። ይኸው እስካሁን ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ ብያለሁ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚህ መሐል ሜዳ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው የሠሩት። እኔ ሙቀት የለመድኩ የዓለም ከተማ ልጅ ነኝ። ተመርቄ እዚህ ስመደብ የመንዝ ብርድ አላስቀምጥ ስላለኝ፣ በገባሁ በሁለተኛው ወር ዝውውር ጠየቅኩ። እሳቸው ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፣ ስሜንም ትተው «የቆላዋ» ይሉኝ ጀመር።

ያን ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ እሑድ በረዶ የቀላቀለ ዐውሎ ነፋስ መጣ። ሰኞ ጠዋት ስደርስ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ግማሹ የለም። ቆርቆሮው ተጨማዶ አጥሩ ላይ ወድቋል። ውስጥ በረዶው ገና ሳይሟሟ በየጥጉ ተከምሯል፤ ከታች ያሉት መጻሕፍት በውሃ አብጠው ከመደርደሪያው አልወጣ ብለዋል። ጋሽ ወንድይፍራው ቀድመውኝ ገብተው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃ ይጠርጋሉ።

በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያለቀስኩት ለመጻሕፍቱ ሳይሆን ለራሴ ነው። የራሰውን እንጣለው አልኳቸው። ጉዳቱን ሊያዩ የመጡት ሰዎችም ያሉት ይህንኑ ነው፤ የተበላሸው ተመዝግቦ ይወገድ፣ ቤቱም እስኪጠገን ይዘጋ። ጋሼ ውሃ መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ፈተናቸው እንደደረሰ፣ ከዚህ ሌላ ደግሞ የሚያነቡበት እንደሌላቸው ነገሩኝ። እኔም እሺ ብዬ አንድ ያበጠ የባዮሎጂ መጽሐፍ አንስቼ ልገልጠው ስታገል እጄን ያዙኝ።

«ቀስ፣ የቆላዋ። የራሰ መጽሐፍ አራስ ነው፤ አይቸኮልበትም።»

ይቺን አባባል በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም። አባታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጣሪያው ያፈሰሰበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ መጻሕፍቱን ወደ እሳቸው ይልክ ስለነበር፣ ጋሼ የራሰ መጽሐፍ እንዴት እንደሚደርቅ ያዩት በልጅነታቸው ነው። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ይጨማደዳል። ጣሪያው ባልተነካው ክፍል ጭድ ነስንሰን መጻሕፍቱን ከፈት ከፈት እያደረግን አቆምናቸው። በየገጹ መሀል አሮጌ ጋዜጣ እናስገባለን፣ ጋዜጣው ሲርስ እንቀይራለን፣ ጠፈፍ ሲል በሁለት ጣውላ መሀል አድርገን ድንጋይ እንጭናለን። ሁሉም አልተረፈም። ወረቀታቸው የሚያብለጨልጨው ተጣብቀው እንቢ አሉ። እነዚያን ለብቻ ሲለዩ የእያንዳንዱን ርዕስ ድምፅ አውጥተው ያነቡ ነበር፤ እኔም ሥራዬን አቁሜ እሰማቸው ነበር።

ረቡዕ ዕለት ታዛው ሥር አግዳሚ ወንበሮች አወጡና ልጆቹን አስጠሩ። ግማሽ የደረቀ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ሲገልጡ ማየት ነበር። «ዝምታ!» ብሎ የሚቆጣ ሰው አላስፈለገም።

ሐሙስ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ምሳ ይዘውልን መጡ። እየበላን ጫማዬ ከሰኞ ጀምሮ እንዳልደረቀ፣ የተከራየሁት ክፍልም ብርዱ እንደማያስተኛ አማርርላቸው ጀመር። እትዬ አስካለ አይዞሽ አሉኝ፤ እነሱስ ጎረቤት ቤት ተጠግተው መሬት ላይ አይደል የሚያድሩት፣ ቤታቸው ጣሪያው ከሄደ ጀምሮ?

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ያ ነፋስ በዚያው እሑድ የጋሼንም ቤት ገልጦታል። አራት ቀን ሙሉ አጠገቤ ቆመው ገጽ ሲገልጡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከመጽሐፉ አላነሡም።

«የእኔን ቤት ጎረቤት ያያታል። ይቺን ግን ከእኔና ካንቺ በቀር ማን ያያታል?»

ያን ከሰዓት ታዛው ሥር ለተቀመጡት ልጆች የሆነውን ነገርኳቸው። አግዙ አላልኳቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ከአባቶቻቸው ጋር ሚስማርና መዶሻ ይዘው ጋሼ ቤት መጡ። ቆርቆሮውን ከየማሳው ለቅመው፣ ቀጥቅጠው አቀኑት፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተከደነ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደያዙ ግቢው መሀል ቆመው ቀሩ። ቆይተው ወደ እኔ ዞር አሉና፣ ቤተ መጻሕፍቱን ማን ዘንድ ትቼ እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወርኩበት ደብዳቤ መስከረም ላይ መጣ። ወስጄ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና ከፈለግሽ በሰላም ሂጂ፣ ብርዱ ከሆነ ግን ደብረ ብርሃንም ያው ነው አሉኝ። አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ቤታቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛው አጥር ነው፤ የፈለግኩ ቀን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት ሄዱ።

ጋሼ፣ የቀረሁት በእርስዎ ነው። ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ሐሙስ ነው። በቁምዎ ልነግርዎት ይገባ ነበር።

ነገ እሸኝዎታለሁ። ከቀብር መልስ ግን ድንኳን አልቀመጥም፤ ሂሩትን አስፈቅጃታለሁ። የዘንድሮዎቹም ልጆች ፈተናቸው ደርሷል። በእርስዎ ሰበብ በሩ ተዘግቶ ቢያገኙት መጀመሪያ የሚቀየሙኝ እርስዎ ነዎት። ከሰዓት እከፍትላቸዋለሁ።

በደህና ይግቡ፣ ጋሼ።