አባቴ ባዶ ጎን አይወድም

ከአምቦ የወጣሁበት ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። አባቴ ሻማ ለኩሶ ገበጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደና፣ "ና ቁጭ በል፣ መኪናው እስኪመጣ እንጫወት" አለኝ። ቦርሳዬ በሩ ሥር ተቀምጧል። እህቴ ፀሐይ ጓዳ ገብታ ድምፅዋ እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ጉዴን እዩልኝ፣ ጠጠር እዘራለሁ።

ገበጣን በስም ብቻ ለምታውቁት ላስረዳ። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ያለው እንጨት ነው፤ አንዱ ረድፍ ያንተ ጎን፣ ሌላው የተጋጣሚህ። ጉድጓዱን ቤት እንለዋለን። ከአንዱ ቤትህ ጠጠሩን ታነሣና በየቤቱ አንዳንድ እየጣልክ ትሄዳለህ፣ ሲቀናህም ትማርካለህ። ሕጉ እንደየሰፈሩ ነው፤ የጌዶ ሰው የሚጫወተውን የካቺሲ ሰው አይቀበለውም። በብዙ ቦታ የአንዱ ጎን ባዶ ከሆነ ጨዋታው አለቀ፣ አሸናፊውም ይፎክራል። እኛ ቤት ግን አያልቅም። ባለ ጠጠሩ ከራሱ አንሥቶ ባዶ የቀረውን ያጎርሰዋል። ይህ የአባቴ ሕግ ነው፤ ከአባቱ ወርሶት ይሁን ራሱ ያመጣው እንጃ፣ ጠይቄው አላውቅም።

ያን ምሽት ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ወዲያው ጎኔ ባዶ ሆነ። አባቴ ከራሱ ቤት አንሥቶ አጎረሰኝ።

"አባባ፣ ዛሬ እንኳ አሸንፈኝና ይለቅ" አልኩት።

"አሸንፌህ ከማን ጋር ልጫወት?" አለኝ።

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አባቴ ከገበጣው ላይ አንድ እፍኝ ጠጠር አፍሶ ኪሴ ውስጥ ጨመረልኝ። "የሁሉቃ ወንዝ ጠጠር ነው፤ የትም ብትደርስ መሬት ቆፍረህ ተጫወትበት" አለኝ። ያን ሰሞን ከተማችን ወጣት ልጅ ያለው ወላጅ እንቅልፍ የማያገኝባት ሆና ስለነበር፣ ሂድ ያለኝ እሱ ራሱ ነው። አላለቀሰም። እኔም ስላላለቀሰ ብዬ ዋጥ አደረግሁት። አሁን ሳስበው ሁለታችንም ብናለቅስ ይሻለን ነበር።

የመንገዱን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም ባታውቁት ይሻላል። መተማን አልፈን፣ ሱዳንን አቋርጠን ሊቢያ ስንደርስ በታጎርንበት መጋዘን ወለሉ አሸዋ ነበርና ቤት ቆፈርኩበት። ኤርትራዊውም ሱዳናዊውም ጨዋታውን ያውቀዋል፤ ሕጉ ላይ ግን እንጣላለን። ረሃብ አንጀታችንን እያላወሰው ስለ ጠጠር እንጨቃጨቅ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰው መሆናችንን ሳንረሳ ያቆየን እሱ ነው እላለሁ።

ባሕሩን ተሻግረን ጀርመን ስንገባ መጀመሪያ የተቀበለን ፈታሽ ኪሴን አራግፎ ጠጠሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፋቸው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ በአስተርጓሚ።

"ጠጠር ነው።"

"ለምን ይዘኸው መጣህ?"

"መጫወቻዬ ነው።"

ፈታሹ ጠጠሮቹን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ "ጀርመን ድንጋይ የሌለ መሰለህ እንዴ?" አለኝ። አስተርጓሚው የጎንደር ልጅ ነበርና ተርጉሞ ሳይጨርስ ሳቁ አመለጠው። እኔም ከባሕሩ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ብርዱን አትጠይቁኝ። ጎጆ ከተማ አክስቴ ዘንድ እየከረምኩ ስላደግሁ ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የጎጆ ብርድ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የዚህ አገር ብርድ ይቅርታ አያውቅም። ምግቡም ጨው እንጂ ቅመም አልደረሰበትም። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ውሃቸው ነው። ሽፕሩደል ይሉታል፣ ጋዝ ያለው ውሃ ነው። መጀመሪያ ቀን ስቀምሰው አፍንጫዬን ሲወጋኝ የአምቦ ውሃ ትዝ ብሎኝ ምግብ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። አስተናጋጇ ውሃው የተበላሸ መስሏት ሌላ አመጣችልኝ።

አውስቢልዱንግ የሚሉትን የሙያ ትምህርት ጨርሼ በአባቴ ሙያ እንጨት ሥራ ገባሁ። እሑድ እሑድ ለአባቴ እደውላለሁ። እሱ የራሱን ገበጣ፣ እኔ የእንቁላል ካርቶን ፊት ለፊቴ አስቀምጠን፣ በየሳምንቱ እሱ አንዴ፣ እኔ አንዴ እንዘራለን። "አካም ቡልቴ፣ ደሬ?" ይለኛል፤ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው፤ አባቴ ቀልቡ ደስ ሲለው ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ከዚያ "ከሦስተኛው ቤት አንሥቻለሁ" ይልና ወሬውን ይቀጥላል። ሲሸነፍም ሲያሸንፍም አንድ ነው። የእኔ ጎን ባዶ በሆነ ቁጥር ግን ሳልጠይቀው ያጎርሰኛል።

ካርቶኑን አንድ ቀን ለምሳ ዕረፍት ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩና የሥራ ባልደረባዬ ዩታ አየችው። ዩታ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። ካስተማርኳት በኋላ በዕረፍት ሰዓት ቡናዋን ትታ ጠጠር መዝራት ሆነ ሥራዋ። "ይህ ጥንታዊ ጨዋታ በአዲስ መልክ ተሠርቶ መውጣት አለበት" አለችና ክራውድፈንዲንግ የሚባል ነገር አመጣች። ገና ያልተሠራ ዕቃ በኢንተርኔት ታሳያለህ፣ የወደደው ሁሉ ቀድሞ ያዋጣል። በተባለው ጊዜ የተባለው ካልሞላ ሁሉም ለየባለቤቱ ይመለሳል። ይህን ለአባቴ ሳስረዳው የሆነውን ብታዩ።

"ያልተሠራ ዕቃ ይገዛሉ?"

"አዎ አባባ።"

"ዋስህ ማን ነው?"

"ዋስ የለም።"

"ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሞኝ ናቸው ወይስ ጻድቅ?" አለ። ቀጥሎም፣ "ሲሠራ የመጀመሪያውን ላክልኝ። ዓይኔ ሳይደክም ላየው እፈልጋለሁ" አለኝ። ሳሉ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ተሸጠ አልተሸጠ ግድ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ገበጣ በሕይወት ሳለ እጁ እንዲገባ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የጨዋታውን ሕግ ስንጽፍ ዩታ ማጉረሱን እንተወው አለች። "ተጋጣሚዬን ለምን አበላዋለሁ? ጨዋታውን ያረዝመዋል።" እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ አልኳትና ሕጉ ባለበት ጸና። እሷ በተራዋ አባቴ ከገበጣው ጋር የተነሣውን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አድርጋ ገጹ አናት ላይ ለጠፈችው። በጀርመን ዓይን ውብ ነበር። እኔም ምን ቆርጦኝ እንደሆነ ሳላስብ፣ "ስለ አባቴ ብላችሁ አግዙኝ" የሚል ጽፌ ከነፎቶው በከተማችን የሐበሾች ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት።

እሑድ ማለዳ ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ብርሃኔ ከፊት፣ ከኋላዋ ደረጃውን የሞሉ ሐበሾች፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እትዬ ብርሃኔ የጌዶ ሴት ናት፤ እዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖራ ሁላችንንም የምታሳድር እናታችን ናት። ትልቅ ድስት ታቅፋለች። እኛ አገር ማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሰው የሚያመጣውን ነገር ታውቁታላችሁ። መርዶ ነው። "አባባ!" ብዬ እዚያው ደፉ ላይ ወደቅሁ። እነሱም ተቀበሉኝና ቤቱ በለቅሶ ተናጠ።

አከራዬ ሄር ክራውዘ በነጠላ ጫማው ከታች ወጣ። እሑድ እዚህ አገር ሩኸ ነው፣ ጸጥታ፤ ጠጠር ካርቶን ውስጥ ስጥል እንኳ ኮርኒሱን በመጥረጊያ የሚደበድብ ሰው ነው።

"ምንድን ነው ይህ?" አለ።

"አባቱ ሞተው ነው" አለው አንዱ።

ሄር ክራውዘ ፊቱን አስተካክሎ ጨበጠኝ። "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝና ሰዓቱን አይቶ፣ "ስንት ሰዓት ላይ ታበቃላችሁ?" አለ።

ከብዙ ልቅሶ በኋላ እትዬ ብርሃኔ ራሴን ደረቷ ላይ ይዛ፣ "ደሬዬ፣ መቼ ነው ያረፉት?" አለችኝ።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? መርዶውን ያመጣችሁት እናንተ!"

"እኛማ አንተ ጽፈህ አየን። ፎቷቸውን አድርገህ፣ አግዙኝ ብለህ።"

ለካ በኛ ሰው ዘንድ በፎቶ ሥር የሚዋጣው ለታመመና ለሞተ ብቻ ነው፤ ለጨዋታ የሚያዋጣ ማን አይቶ ያውቃል? ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ።

"ሄሎ፣ አካም ቡልቴ?" አለ አባቴ እያሳለ።

ተናጋሪውን ከፍቼ የሆነውን ነገርኩት። እየሳቀ ሳሉ ያዘው። ከዚያ፣ "ብዙ ሰው መጣ?" አለኝ።

"ቤቱ ሞልቷል፣ ደረጃውም።"

"ተመስገን። ሰው አለህ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ብቻውን ነው ብዬ ስጨነቅ" አለ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ብርሃኔ ከምር ያለቀሰችው። ለለቅሶ ብለው ያዋጡትን ገንዘብ ልመልስ ብል፣ "ለለቅሶ የወጣ ወደ ኪስ አይገባም፣ ክፉ ይጠራል! ጨዋታህ ላይ አድርገው" ብላ ጮኸችብኝ። የጎደለን ያን ያህል ነበርና ሞላ። የድስቷን ምስር ወጥ በላን፤ ሄር ክራውዘም አንድ ሳህን ተልኮለት ጸጥ አለ።

ገበጣው ተሠራ። የመጀመሪያውን በገዛ እጄ ጠርቤ ሰም ቀብቼ ወደ አገር ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። ሰውየው አዲስ አበባ ደርሶ ለፀሐይ እስኪያስረክባት መንገዱ እየተዘጋ ብዙ ቆየ። በዚያ መካከል አባቴ ስልክ ማንሣት ተወ። ፀሐይ ነች የምታነሣው። "ፈያ ዳ፣ ደህና ነው፤ ተኝቷል። ከአምስተኛው ቤት አንሣልኝ ብሎሃል" ትለኛለች። ገበጣው ደረሰው ወይ ስላት፣ "ደርሶታል፣ በእጁ ዳስሶት ወዶታል" ትላለች። ድምፁን አሰሚኝ ስላት ኔትወርኩ ይቋረጣል።

ባለፈው እሑድ ደወልኩ። ጎኔ ተራቁቶ አንድ ጠጠር ብቻ ነበር የቀረኝ። ፀሐይ፣ "አባባ ያቺን ማርኳል። ጎንህ ባዶ ሆነ፤ እንግዲህ አሸነፈህ፣ አለቀ" አለችኝ።

ካርቶኑን አየሁት። በአባቴ ጎን ጠጠር ሞልቷል።

"አባባ ነው አለቀ ያለው?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

ፀሐይ ገበጣ ተጫውታ አታውቅም። የአባታችንን ጨዋታ ከጓዳ ሆና ስትሰማው እንጂ ማጉረሱን ሳታይ ነው ያደገችው። አባቴ ደግሞ ሊቢያ ሊውጠኝ ወደሚችል መንገድ በሸኘኝ ምሽት እንኳ ጎኔን ባዶ አልተወም። እናም አወቅሁ። ከስንት ሳምንት በፊት እንደሆነ አላውቅም፤ ገበጣዬን በእጁ ዳስሶት ይሁን ሳይዳስሰው አላውቅም። መሞቱን ግን አወቅሁ። እትዬ ብርሃኔ ሰሞኑን በየማታው እየደወለች "በላህ?" ብቻ ብላ የምትዘጋውም ገባኝ። እሷም ሰምታለች። አንዴ በሕይወት ሳለ ላለቀሱለት ሰው፣ አሁን እንዴት ብለው ለመርዶ በሬን ያንኳኩ?

ፀሐይ በወዲያኛው ጫፍ ትንፋሿ ይሰማኛል። ቁርጡን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም።

"ለአባባ ንገሪው" አልኳት፤ "ሌላ እንጀምር። እሱ ይጀምር።"

ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ከድምፅዋ ታወቀኝ።

"ከ... ከሁለተኛው ቤት አንሥቷል" አለችኝ።

ከሁለተኛው ቤት አነሣሁለትና አንድ በአንድ ዘራሁለት።