ለአሰልጣኙ የተላኩ ሽማግሌዎች

ስለ ልጄ ጉዳይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዝምታ የቆየ ልማዴ ነው፤ አገር ቤት ታሪክ በማስተምርበት ዘመንም ከክፍል ውጭ ቃል የማበዛ ሰው አልነበርኩም።

ልጄ እዚህ አሜሪካ፣ በኮለምበስ ከተማው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ውስጥ ኳስ ተቀባይ ነው። ፉትቦል ስል ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው፤ ተቀባይ የሚባለውም የተወረወረለትን ኳስ ሮጦ የሚይዘው ነው። ተቀባይ ነው አልኩ እንጂ ኳስ ሲቀበል ያየሁት በልምምድ ብቻ ነበር። በእሱ ቦታ አገር ያወቀው ኮከብ ይጫወት ስለነበር ከጀርባው ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ ቆየ። ኮከቡ ሲሄድ ቦታው የእሱ እንደሚሆን እሱም፣ እኔም፣ የሚያውቁን ሁሉ አንጠራጠርም ነበር።

የባለሙያ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በየተራ የሚመርጡበት፣ ድራፍት የሚባለው ሥርዓት በተካሄደበት ምሽት፣ ሞርስ ሮድ ላይ ባለ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ተሰብስበን ቴሌቪዥን እናይ ነበር። ኮከቡ ገና ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተጠራ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ቆይ፣ አሁን ኮሌጁ ምን ተጠቀመ?» አለ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው ወዳጄ። «አሳድጎ፣ አብልቶ፣ ለሌላ አስረከበ። ኪሳራ በለው!»

«አንተ ምን ይገባሃል» አሉት ሐጂ፤ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ የወሎ ሰው ናቸው። «ልጁን ጥሩ ቦታ የዳረ ሰው ደጁ እንዴት እንደሚጨናነቅ አላየህም? ነገ የአገሩ ጎበዝ ሁሉ እዚያ ቤት ካልገባሁ ይላል።»

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን!» አለኝ ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ።

እኔ ያስታወስኩት የቀድሞ የትምህርት ክፍላችንን ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ ውጭ አገር ዕድል ሲያገኝ ስማችን ይነሣ፣ በቀጣዩ ዓመት የሚያመለክተው ይበዛ ነበር። ያንን ስም ሰምተው የሚመጡት፣ ቀድመው የነበሩትን ወዴት እንደሚገፏቸው የጠየቀ ግን አልነበረም። ለሁለቱም ግን፣ «ለእኛ የሚበጀው ቦታው መለቀቁ ነው» አልኩ። ሳቁ፤ እንኳን ደስ ያለህ እያሉም ትከሻዬን መቱት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጄ ቤት መጣ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ዳድ፣ አዲስ ተቀባይ ወደ እኛ ትራንስፈር አደረገ። ከሌላ ኮሌጅ።»

«ጎበዝ ነው?»

«ሂ ኢዝ ሪሊ ጉድ።»

«አንተስ?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። 

ወሬው ሐጂ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ባልና ሚስት፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ ባለቤትና ተከራይ አስታርቀዋል፤ በሽማግሌ የማይፈታ ነገር አለ ብለው አያምኑም፤ ቦታው ለልጄ እንዲሰጠው አሰልጣኙ ዘንድ ሽማግሌ ይላክ አሉ። ሾፌሩ ወዳጃችን ደግሞ የተቀባዮቹን አሰልጣኝ አንድ ጊዜ ከኤርፖርት አምጥቶት ስልክ ቁጥሩን ይዞ ስለነበር፣ «ኮል አደርገዋለሁ» አለ። አደረገውም። ሰውየው ልጄ ካለበት ማኅበረሰብ የመጡ አዛውንቶች ሰላምታ ሊያቀርቡ የፈለጉ መስሎት በደስታ ተቀበለ።

«ሐጂ፣ አባት አብሮ አይላክም» ብዬ ለመሸሽ ሞከርኩ።

«አንተ በአባትነት አይደለም የምትሄደው፤ በአስተርጓሚነት ነው።»

«የእኔ እንግሊዝኛ የመንገድ ነው፤ ለልመና አይሆንም» አለ ሾፌሩም።

የአሰልጣኙ ቢሮ በመስታወት ግድግዳው በኩል የልምምድ ሜዳውን ቁልቁል ያያል። ሰውየው ወንበር አሳየን፤ ውኃ አቀረበ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና አልተቀመጡም። ሾፌሩም ቆመ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ይህንን ግን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደማስረዳ ጠፋኝ። አሰልጣኙ ግራ ተጋብቶ እሱም ከመቀመጫው ተነሣ። አራታችንም ቆመን ቀረን።

ሐጂ ተናገሩ፤ እኔ ተረጎምኩ። ይህ ልጅ ታጋሽ እንደሆነ፣ ከፊቱ ለነበረው ታላቅ ተጫዋች ቅድሚያ ሰጥቶ ተራውን እንደጠበቀ፣ አባቱም የተከበረ ሰው እንደሆነ ተናገርኩ። «አባቱ» ስል ድምፄን የሌላ ሰው ጉዳይ እንደማወራ አድርጌ ያዝኩት።

አሰልጣኙ በጥሞና አዳመጠ። ልጁን እንደሚወደው፣ በልምምድ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ እንደሌለ ነገረን። ቀጥሎም፣ «ያኛው ልጃችን ከተመረጠ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። በአገሪቱ ያሉ ጎበዞች ሁሉ እዚህ መምጣት ይፈልጋሉ። የደከምነው ለዚህ ነው፤ እንዴት አትምጡ ልበላቸው?» አለ።

«እሺ አለ ወይስ እምቢ?» አሉ ሐጂ።

«ሁለቱንም አላለም።»

«እንግዲያው አንቀመጥም።»

አሰልጣኙ የተባለውን እንድነግረው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «እናመሰግናለን ነው የሚሉት» አልኩት። ተጨባብጠን ወጣን። በመስታወቱ ማዶ ልጄ የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ ወደ እኛ እያየ ነበር።

ያን ቀን ማታ ስልክ ደወለ። «ዳድ፣ ዋይ?» አለኝ። በአማርኛ ደገመው፤ «ለምን መጣችሁ?» ልማዳችን ነው አልኩት። ልማድ መሆኑን ያውቃል፤ የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነበር። «ወደ ትንሽ ኮሌጅ ልሂድና ልጫወት? ወይስ እዚሁ ልቆይ? አንተ ምን ትላለህ?» ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆችን የት ይማሩ፣ ምን ያጥኑ እያልኩ ስመክር ኖሬ፣ ለእሱ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።  «እሺ» ብሎ ዘጋው።

ልጄ እዚያው ቆየ። በመኸር አንድ እሑድ አዲሱን ተጫዋች ለምሳ ይዞት መጣ። ረጅም፣ ጨዋ፣ እጁን ታጥቦ የሚቀመጥ ልጅ ነው። በየቃሉ ጌታዬ ይለኛል። ኳስ ለመቀበል የሚሮጥበትን መስመር ሁሉ ያስጠናው ልጄ መሆኑን ነገረኝ፤ እሱ ባይኖር ኖሮ በመጀመሪያው ጨዋታ ይጠፋው እንደነበር እየማለ።

«እዚህ ለመምጣት መቼ ወሰንክ?» አልኩት።

«ድራፍቱን ከእናቴ ጋር ስናይ ነው፣ ጌታዬ። የዚህ ቡድን ኮከብ ስም ሲጠራ እናቴ 'ወደዚያ ሂድ' አለችኝ።»

ሳህኑ ላይ ወጥ ጨመርኩለት። 

«በሚቀጥለው ዓመት እኔ ከተመረጥኩ ቦታው የእሱ ይሆናል» አለ፣ ሊያስደስተኝ ፈልጎ። ልጄ ሳቀ፤ በክርኑም ጎሸም አደረገው። ይህ ልጅ ካልተመረጠ ቦታውን አይለቅም፤ ከተመረጠም በአንድ ሌላ ቤት ከልጇ ጋር ቴሌቪዥን እያየች 'ወደዚያ ሂድ' የምትለው እናት አለች። የትኛውን እንደምመኝ አላወቅኩም።

«ብላ» አልኩት፤ «ብሉ።»