ለቅሶ ቤት የተመረጠ የክረምት ኮርስ

ባለፈው ቅዳሜ... ልጄን መክሊትን ለክረምት ኮርስ ላስመዘግብ ወደ ደምበል እየሄድን ነው። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ግን ኮዲንግ ትግባ ወይስ ሐኪም መሆን ለሚፈልጉ ልጆች የተዘጋጀው ኮርስ ውስጥ የሚለውን ገና አልወሰንኩም።

አስረኛ ክፍልን ጨርሳለች። «ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?» ስላት መልሷ ሁሌ አንድ ነው።

«እኔ እንጃ ማሚ።»

በቃ! በዚህ «እኔ እንጃ» የተነሳ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

በመንገዳችን ቡልጋሪያ ጋ ለቅሶ መድረስ ነበረብን። የድሮዋ የካዛንቺስ ጎረቤታችን የእትዬ አልማዝ ባለቤት አርፈው ሰልስታቸው ነው። ሰፈራችን ፈርሶ ሁላችንም ብንበታተንም እድራችን አልፈረሰም። ትንሽ ተቀምጠን ውልቅ እንላለን ብዬ ገባሁ። መክሊት ድንኳኑ ጋ ቀረች።

«እግዜር ያጽናዎት» ብዬ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጠጋ ብላ «ምነው ሰዓት ሰዓት ታያለሽ?» አለችኝ። በሹክሹክታ ነገርኳት... ምን አፌን አስከፈተኝ!

«ኮዲንግ?» አለች፣ ሳሎኑ ሁሉ እስኪሰማ። «እሱን እኮ ኤአይ ጨረሰው!»

«ሕክምና ትግባ ታዲያ» አለ ከማዶ አንድ ሰውዬ።

ይሄኔ እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «ኧረ ሕክምና እንዳታስገቢያት! ሆስፒታል ስመላለስ አይቻቸዋለሁ፣ እንቅልፍ የላቸውም» አሉና ነጠላቸውን መልሰው «ወይኔ ጌታዬ!» እያሉ ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ሁለት ሰው ሲከራከር ካዩ ስብሰባ ነው የሚመስላቸው።

«በሥነ ሥርዓት! እጅ እያወጣችሁ!»

ለቀስተኛው ሁሉ እጁን ማውጣት ጀመረ። አንዱ ቻይንኛ አለ፣ ሌላዋ ኬክ ሥራ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የት እንዳለሁ ረስቼ እጄን አውጥቼ ተራዬን እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ። ኮዲንግ ለጥቂት አሸነፈ። እትዬ አልማዝ እያለቀሱ ተቃወሙ።

«መልካም። ልጅቷ ትጠራና ውሳኔው ይነገራት» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ልጠራት ወጣሁ። ለካ ውጪ ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ኖሯል። የድንኳኑ ጣሪያ ውሃ አቁሮ ሆዱን ነፍቷል። መክሊት ከስሩ ቆማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሁለት ጎረምሶች በእንጨት ሽቅብ እንዲገፉት ታዛለች።

«አንተ በዛ በኩል! አሁን ግፉ! ... እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ እዛ ጋ ያፈሳል።»

ውሃው ተደፋ። ወንበሮቹ ወደ ደረቁ ተሳቡ። ምግቡም ማንም ሳይጋፋ መዞር ጀመረ። የጠጣችበትን ብርጭቆ የማታነሳ ልጅ ናት እኮ!

«መክሊት! ምዝገባው ሊዘጋብን ነው!»

«ማሚ አንዴ ጠብቂኝ፣ ቢዚ ነኝ» አለችኝ፣ ዞራ እንኳን ሳታየኝ።

ፊቷን አየሁት። እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ልቤ ቅቤ ጠጣ። ደግሞም አፈርኩ። ያን ሁሉ ሰው ሳማክር እሷን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

ጋሽ ተፈራ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል። «ይቺ ልጅ የማን ናት?»

«የኔ» አልኩ፣ ራሴም ብዙ እርግጠኛ ሳልሆን።

«በይ ክረምቱን እሷን ለእድሩ ስጪን።»

«መክሊቴ፣ ይሄን ነገር ትወጂዋለሽ እንዴ?» አልኳት።

«በጣም! ማለቴ... ሰው አዝኖ ግራ ገብቶት ሲመጣ፣ ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ሲጠብቀው ደስ ይለኛል።»

እትዬ አልማዝ በሩ ጋ ወጥተው ያዩናል። «ተያት ልጄ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሰው ሁሉ ‹አይዞሽ› ሲለኝ ሰነበተ። እኔ ግን ገና አሁን፣ እንግዶቼ ዝናብ ሳይመታቸው ሳይ ነው ትንሽ ቀለል ያለኝ።»

«እሺ፣ ክረምቱን ከእድሩ ጋር ትሥራ» አልኳቸው ጋሽ ተፈራን። ምዝገባው አለፈን።

አሁን ሰው «መክሊት ክረምቱን ምን እየተማረች ነው?» ሲለኝ «ኢቨንት ማኔጅመንት» እላለሁ። ትናንት አንዷ የቢሮ ጓደኛዬ «ጎሽ! ፕራክቲካሉ በሳምንት ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«እሱን እንኳን... እግዜር ነው የሚያውቀው።»